ከማልሽማ

ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ ጋሼ ሽሮ ሜዳ ወደምሠራበት ሱቅ ገቡ። ነጠላቸውን ገና አላወለቁም። ጫማቸው ላይ የእንጦጦ ጭቃ ደርቋል። ከራጉኤል አስቀድሰው እየወረዱ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ወር በገባ በአንደኛው ቀን ከላይ ወደ ታች ነጭ የለበሰ ሰው ሲፈስ ቆይቶ፣ ከፊሉ እኛ ጋ ጎራ ይላል።

«ጋቢ ፈልጌ ነበር፤ ለእናቴ» አሉ። «ብርዱ ገባ አይደል።»

ሦስት አወረድኩላቸው። አንዱን በአውራ ጣታቸው እያሹ «ይኼ ንጹሕ ፈትል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አልነበረም። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፈትል ማለት ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ነው። ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ አንዳንዴ የፍሬ ስባሪ ይገኝበታል፤ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ጋቢ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ ፈትል ነው። ይኼ ነውር የለውም፤ ድር ሲወጠር የማይበጠስ ክር ይፈልጋል፤ ሸማኔውም ገዢውም ያውቁታል። ሰውዬው እጅ ላይ የነበረው ግን ድሩም ማጉም የፋብሪካ፣ ያውም ጥጥ ያልሆነ ነገር የተቀላቀለበት ክር ነበር።

«ራጉኤልን፣ ፈትል ነው!» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ጥርጣሬ አልነበረም፤ እንደውም የቅድሙ ጥርጣሬያቸው ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁ። «ከማልሽማ» አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። 2,800 ብር ብያቸው ነበር፤ 2,800 ከፈሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ የመጀመሪያ ዋጋ የሚከፍል ሰው የለም። እኔ ራሴ ወደ 1,900 ለመውረድ ተዘጋጅቼ ነበር። «አሳንሺ» እንኳ አላሉኝም። መርቀውኝ ወጡ።

ከዚያ ምን ሆነ? ምንም። መብረቅ አልወረደም። ገበያው ቀኑን ሙሉ ጥሩ ነበር፤ ማታ ኮሚሽኔን ተቀብዬ ወደ ፈረንሳይ ሄድኩ፣ ከእናቴ ጋር እራት በላሁ፣ ተኛሁ። ይህን የምጽፈው የሕሊና ወቀሳ እንቅልፍ ነስቶኝ ስላደረ አይደለም። በጣም ጥሩ እንቅልፍ ነበር የተኛሁት። በኋላ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ። እሑድ ያጠናሁትን መዝሙር ሰኞ ሱቅ ስጠርግ አንጎራጉራለሁ፤ መጥረጊያውን አስቀምጬ «ማርያምን ዋናውንም አልሞላም!» እላለሁ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ አፍ ሲወጡ ተጋጭተውብኝ አያውቁም።

ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። የጎናችን ሱቅ ልጅ ጴንጤ ናት። በቅዱሳን አትምልም፤ «ጌታን!» ትላለች። ከሷ ቀጥሎ ያለው ልጅ «ወላሂ» ይላል። ሃይማኖት ሳይለያየን የተግባባንበት ነገር ቢኖር መማል ነው። ገዢውም ቢሆን ካልተማለለት አይለቅም። «እስቲ ማይልኝ!» ይላል። የዋጋ ድርድር ሲያልቅ እንደ ማኅተም የሚመታ ነገር ነው፤ ማኅተሙ ካልተመታ ውሉ ያላለቀ ይመስላል።

ሀገሩም ከጥንቱ እንዲህ ነው። ሱቃችን በር ላይ ቆማችሁ ሽቅብ ብታዩ የሚታየው ተራራ፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡበት ነው። በእሳቸው ዘመን ሰው «ምኒልክ ይሙት!» ብሎ ይምል ነበር፤ በንጉሥ ስም ምሎ መዋሸት ቀላል ነገር አልነበረም። ራሳቸውም ቢሆኑ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ክተት ሲያውጁ፣ ከዘመቻው ለሚቀር ሰው አማላጅ እንደማይቀበሉ በማርያም ምለው ነበር። ያንን አዋጅ በትምህርት ቤት ስንማር መሐላውን ማንም አላስተዋለውም፤ እኔ አሁን ነው የማስተውለው። አንድ ንጉሥ አንድ ጊዜ ለጦርነት የማለባትን ቃል እኔ በቀን ሠላሳ ጊዜ ለነጠላ አወጣታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የማቴዎስ ወንጌልን እየተማርን ምዕራፍ 5 ላይ ደረስን። የተራራው ስብከት። ስለ ቁጣ፣ ስለ ምኞት፣ ስለ ጠላት መውደድ ብዙ ተባለ። መሐላው ላይ ስንደርስ መምህራችን ፈጠን ብሎ ሊያልፈው ነበር፤ ጌታ ፈጽሞ አትማሉ እንዳለ፣ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን እንዳለ ነግሮን ገጹን ሊገልጥ ሲል አንድ ልጅ «ታዲያ እኛ ለምን እንምላለን?» አለ። ሳቅን። መምህሩም ሳቀ። ከዚያ ግን ቆመ።

መልሱን ለሳምንት ይዞ መጣ። ዮሐንስ አፈወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ387 አንጾኪያ ላይ ሕዝቡ የንጉሡን ሐውልቶች ሰባብሮ የንጉሡን ቁጣ በፍርሃት ሲጠብቅ፣ በየቀኑ እየወጣ ያጽናናቸው ነበር። ከተማዋ ልትጠፋ ነው ተብሎ እየተፈራ፣ እሱ ስብከቱን ሲጨርስ ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር መማል ተዉ የሚለው ነበር። ከሚምለው ይልቅ ሌላውን የሚያስምለውን አጥብቆ ይወቅስ ነበር። እኔ ይኼን ስሰማ ያሰብኩት «እስቲ ማይልኝ» የሚሉኝን ደንበኞች ነው፤ ጥፋቱን ለእነሱ አካፍዬ ትንሽ ቀለለኝ። እንዲህ ነኝ።

ያልቀለለኝ ጴጥሮስ ላይ ስንደርስ ነው። ማቴዎስ 26። መጀመሪያ አላውቀውም አለ፣ እንዲሁ በባዶው። ሁለተኛ ሲጠየቅ ግን በመሐላ ካደ። መምህሩ «እውነት መሐላ የሚያስፈልጋት አንዳንዴ ነው፤ ውሸት ግን ሁለተኛ ስትጠየቅ ሁልጊዜ ያስፈልጋታል» አለን። ያኔ ነው ሰውዬው ትዝ ያሉኝ። ጫማቸው፣ ጭቃው፣ ቀና ብለው ያዩኝ አስተያየት። እሳቸው ጋቢውን አላመኑትም ነበር እኮ፤ ጣታቸው ልክ ነበር። ያመኑት ራጉኤልን ነው። ጠዋት ደጁን ስመው ስለመጡ፣ ከዚያው ደጅ ስም ያነሳች ልጅ ትዋሻለች ብለው አላሰቡም። የሸጥኩላቸው ጋቢውን ሳይሆን እሱን ነው።

ቤት ገብቼ መጽሐፈ ሄኖክን ገለጥኩ። ምዕራፍ 20 ላይ የቅዱሳን መላእክት ስምና ሥራ ይዘረዝራል፤ ራጉኤል በብርሃናት ዓለም ላይ የሚበቀል መልአክ ነው። በማን እንደማልኩ ያወቅኩት ከማልኩ ከወር በላይ ቆይቼ መሆኑ ነው።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው እንደምፈራው አልተቆጡም። «ስንት ነው ያተረፍሽው?» ብለው ጠየቁኝ። 900 ብር አልኳቸው፤ ከዚያ ውስጥ ለእኔ የደረሰኝ ትንሽ እንደሆነ፣ ቀሪው የባለሱቋ እንደሆነ አስረዳሁ። «የማለችው ባለሱቋ ናት?» አሉኝ። አይደለችም። «እንግዲያው 900ውን መልሺ።» ለማን? ስማቸውን አላውቅም፣ ስልካቸውን አላውቅም። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ልክተተው ብዬ ጠየቅኩ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ነው እንዴ የወሰድሽው? የሰው ነው። ካጣሻቸው ያኔ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ ፈልጊያቸው። ራጉኤል የሚሄዱ ከሆነ አድራሻቸው ይታወቃል።»

አድራሻቸው ይታወቃል! በወር አንድ ቀን፣ ሺህ ሰው መሐል፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ።

ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ወር በገባ በ1 እወጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ ከፈረንሳይ በኩል በእግሬ፣ አንዳንድ ጊዜ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ። ከ2013 ወዲህ፣ ፓርኩ ከተከፈተ በኋላ፣ የእንጦጦ ታክሲ የሚገርም ነገር ሆኗል። ጠበል ልትጠመቅ የምትሄድ እናት ጄሪካኗን ይዛ፣ ከጎኗ ስፖርት ልብስ የለበሰ ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ከኋላ ፎቶ ሊነሱ የሚሄዱ ጥንዶች። ሁላችንም ዳገቱን ስንጨርስ ብርዱ እኩል ይመታናል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ከማርያም አለፍ ብዬ ወደ ራጉኤል ስሄድ የባሕር ዛፉ ሽታ አለ፤ ከፊት ለፊቴ ደግሞ ያንኑ ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ የሚወርዱ ሴቶች።

እናቴ ከነሱ አንዷ ነበረች። እኔ ሳልወለድ በፊት ስድስት ዓመት እንጨት ተሸክማለች። ይኼን ሁሉ ስነግራት ሳቀችብኝ። «እኛ ወፍራም ወፍራሙን ከላይ አድርገን፣ መሐሉን ቅጠልና ጭራሮ እንጠቀጥቀው ነበር። ማን ውስጡን ያያል?» አለች። «ምለሽስ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ለመማል ትንፋሽ የታለሽ፣ ያንን ሁሉ ተሸክመሽ?» እንዴት እንደምመልስላት አላወቅኩም። የሷ ኃጢአት ከሸክሟ ጋር ሲመዘን የእኔን ያህል አይከብደኝም፤ ይኼ የልጅነት አድልዎ ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ሥራውስ? ሥራው ከፍለጋው ከበደኝ።

መማል አቆምኩ። ቢያንስ ለማቆም ወሰንኩ። የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ተንተባታቢ ሆንኩ። «ማር…» ብዬ እቆማለሁ። ደንበኛው «ምን አልሽ?» ይላል። አረፍተ ነገሬ ሁሉ መጨረሻ የሌለው ሆነ፤ ለካ ግማሹ ንግግሬ መሐላ ነበር። አንዷ ሴትዮ ቀሚስ ስታይ ቆይታ «ጥልፉ የእጅ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ የማሽን ነው» አልኳት። «የአዳራሹን ሳይሆን የዚህን ነው የጠየቅኩሽ» አለች፣ ያልሰማኋት መስሏት። ደግሜ ስነግራት እንደ ሰደብኳት ጥላኝ ሄደች። ባለሱቋ ከውስጥ ሆና ሰምታለች። «እትዬ፣ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አልኩ። «ጥልፍ ነው በያት! ጥልፍ አይደለም እንዴ?» አለች።

ልክ ናት፣ ጥልፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። መሐላን መተው ቀላሉ ክፍል ነበር፤ ውሸት ግን ሳይማልም ይሠራል። «ለአንቺ ብዬ ነው» ውሸት ነው። «ጠዋት አንዷ በ4,000 ወሰደችው» ውሸት ነው። «በዚህ ነው የገባልኝ» ውሸት ነው። የመጀመሪያ ዋጋ ከፍ አድርጎ መጥራትስ? በዚህ ብዙ ተጨንቄ አባን ጠየቅኳቸው። «እሱን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ፤ ገዢው እንደምትቀንሺ ያውቃል። ሁለት ሰው የሚያውቀው ጨዋታ ነው» አሉ። «የገባልኝ በዚህ ነው ካልሽ ግን እሱ ማወቅ የማይችለውን ነገር እየነገርሽው ነው።» ይኼ ልዩነት እስካሁን ይጠቅመኛል። ገዢው አጣርቶ ማወቅ ስለማይችለው ነገር ስጠየቅ አፌን እጠብቃለሁ፤ ሌላው ላይ ግን እደራደራለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ እሟገታለሁ። ደግሞ እወደዋለሁ። ገበያ ያለ ክርክር የመቃብር ቦታ ነው።

ኮሚሽኔ ወረደ። ይኼን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲጻፍ ልጅቷ እውነት መናገር ስትጀምር ደንበኛ ይጎርፍላታል። ለእኔ አልጎረፈም። በሦስት ወር ውስጥ የማገኘው ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ። ባለሱቋ ጨካኝ ሰው አይደለችም፤ አላባረረችኝም። ግን «አንቺ ደጅ ላይ አትሁኚ» ብላ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ዕቃ እጥፋለሁ፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ከውጭ አገር ለሚጠይቁ እመልሳለሁ። «ኦርጅናል ነው?» ይላሉ። «ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ ፈትል፣ ጥለቱ በእጅ የተሠራ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ያመሰግናል። አብዛኛው አይቶ ዝም ይላል።

ወድቄያለሁም። በ2015 የፋሲካ ሰሞን፣ የሱቁ ወለል በሰው ተሞልቶ፣ አንድ ጎረምሳ «ይኼ ነጠላ ታጥቦ ቀለሙ አይለቅም? ማይልኝ» ሲለኝ «ማርያምን አይለቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ አይለቅም። ከአፌ እንደወጣ ግን ያ የድሮው ጣዕም ተሰማኝ፤ ድርድሩ በአንድ ቃል ሲያልቅ ያለው ደስታ። እውነት መሆኑ አላጽናናኝም። ያንን ቀን ደጋግሜ ማልኩ፤ የመጨረሻው እውነት መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ጓደኛዬ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ «አጋንነሽዋል» ትለኛለች። «ስንት ከባድ ኃጢአት እያለ በጋቢ?» ምናልባት። ግን ከባዱን ለመሥራት ዕድሉ በየቀኑ አይገጥመኝም። ሰው አልገድልም፣ ጣዖት አላቆምም። በየቀኑ የሚገጥመኝ ጋቢ ነው። የተራራውን ስብከት የምኖርበት ቦታ ቢኖር ያ የባንኮኒ ስፋት ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ለእኔ ጥናት ነው።

የራጉኤል የዓመቱ በዓል መስከረም 1፣ ከእንቁጣጣሽ ጋር አንድ ቀን ይውላል። ሰው ከመኪና ተራ እስከ ደጁ ድረስ ይተፋፈጋል፤ ሌሊት የዘነበው ዝናብ መሬቱን አላቁጦታል፤ ልጆች አደይ አበባ ይሸጣሉ። ባለፈው ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በማግስቱ መስከረም 2 የሚታሰበው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ ነው። ሄሮድስ በእንግዶቹ ፊት ማለ፤ ከማለ በኋላ ቃሉን ማጠፍ አሳፈረው፤ የሰው አንገት ለመሐላ ተከፈለ። ዓመቱን ሙሉ በራጉኤል ለምንምል ሰዎች ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን መሆናቸውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

አስተያየታቸውን ስለማስታውስ ፊታቸውንም የማስታውስ ይመስለኝ ነበር። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ጊዜ የማይሆኑ ሰዎችን አስቁሜያለሁ። አንደኛው «ጋቢ ገዝቼ አላውቅም፤ ሚስቴ ናት የምትገዛው» ብለው ሳቁ። ሁለተኛው ግን ታሪኩን ከሰሙ በኋላ «እኔ ነኝ ብልሽ ገንዘቡን ትሰጪኝ ነበር?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው። «አይደለሁም» አሉና ሄዱ። እስካሁን አስባቸዋለሁ።

ገንዘቡ በፖስታ ውስጥ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ችግሩ 900 ብር የ2014 ገንዘብ ነው። ከዚያ ወዲህ የክር ዋጋ የት ደረሰ፣ የጋቢ ዋጋ የት ደረሰ፣ ብሩ ራሱ በሐምሌ 2016 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያኔ የወሰድኩባቸው የአንድ ጋቢ ሲሶ ነበር፤ ዛሬ 900 ብር የአንድ ጋቢን ሲሶ አይገዛም። ስለዚህ በየዓመቱ እጨምርበታለሁ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል የዋጋ ግሽበትን አስቦ ይሆን እንዴ ብዬ አባን ጠየቅኳቸው፤ ሲስቁ መስቀላቸው ሊወድቅ ነበር። «ካገኘሻቸው» አሉ፣ «ገንዘቡን ሳይሆን ጋቢ ግዢላቸው። ፈትል።»

ገዝቻለሁ። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ ፈትል፤ ከሸማኔው እጅ ነው የተቀበልኩት። የቤታችን ሣጥን ውስጥ ነው፤ እናቴ ብርድ ሲሆን ዓይኗን ትጥልበታለች።

አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ጥቅምት 1 ቀን 2014 ከራጉኤል ሲመለሱ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ገዝተው ከሆነ፣ ለእናታቸው፣ ሳይከራከሩ በ2,800 ብር፣ ጥለቱን እዩት። ጠበብ ያለ አረንጓዴ ነው። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ እሳት አስነኩት። እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ የሌላ ሰው ጋቢ ነው። ተኮማትሮ እንደ ዶቃ ጠቁሮ ከቀረ የእኔ ነው። ወር በገባ በ1 ከቅዳሴ በኋላ ከራጉኤል በር በስተቀኝ፣ ጧፍ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ነኝ።